ሱቁ ቦታ ቢያገኝም የዱቤ ደብተሩስ?

በአንድ የአዲስ አበባ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ትልቁ ሀብት መደርደሪያው ላይ አይታይም። ከባንኮኒው ሥር ነው ያለው። ጠርዙ የተበላ፣ ዘይት የጠጣ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር ነው። ስሞቹ እንኳ መታወቂያ ላይ እንዳሉት አይደሉም። «የመምህሯ ቤት»፣ «ባለታክሲው»፣ «ከወፍጮ ቤት ጀርባ» እየተባለ ነው የሚጻፈው። ከየስሙ ሥር ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዳቦ፤ ከጎኑ ቁጥር። የተከፈለው ይሰረዛል፣ ያልተከፈለው ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል።

ይህን ደብተር የሚሰርቅ ሌባ የለም፤ ምን ያደርግለታል? ባንክም በመያዣነት አይወስደውም። ሰፈር ሲነሳ ካሳ የሚያሰላው ባለሙያም አያየውም። እኔ ግን ዛሬ ስለሱ ነው ማውራት የምፈልገው። ምክንያቱም ሱቅን ከሰፈሩ ነጥለን ስናነሳ የሚጠፋ ሀብት አለ። ሀብቱ በብር የሚቆጠር ነው። ኪሳራውን የሚሸከሙት ደግሞ ባለሱቁና አቅም የሌለው ደንበኛው ናቸው።

ደብተሩ ምን እንደሚሠራ እንይ። ወሩ ከ20 አልፏል፣ ደሞዝ አልቋል፣ ዘይት የለም። እናት ልጇን ትልካለች። ልጁ «ጋሼ፣ ማሚ አንድ ሊትር ዘይትና ግማሽ ኪሎ ስኳር ይስጡህ ብላለች፤ ይጻፉት» ይላል። አለቀ። ፎርም አልተሞላም፣ ዋስ አልተጠራም፣ ወለድ አልታሰበም። ያ ቤት እራት በላ። ይህ ነገር በየቀኑ በየሰፈሩ ስለሚደረግ ብድር መሆኑን ረስተነዋል እንጂ፣ ብድር ነው። ለብዙ ቤተሰብ ደግሞ በሕይወቱ የሚያገኘው ብቸኛ ብድር ይኸው ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር «የመረጃ አለመመጣጠን» የሚባል ነገር ነበር። አበዳሪው ተበዳሪውን በደንብ አያውቀውም። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚጠፋ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ወለዱን ጨምሮ ከማበደር ይልቅ ከነጭራሹ መከልከልን ይመርጣል። ጆሴፍ ስቲግሊትዝና አንድሪው ዋይስ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ያሳዩት ይህንን ነው። ስቲግሊትዝ ከጆርጅ አከርሎፍና ከማይክል ስፔንስ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚሁ የመረጃ ጉዳይ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ይህን ጽሑፍ አላነበበም፤ መልሱን ግን ያውቀዋል። የማን ደሞዝ እንደዘገየ፣ ማን ሥራ እንደለቀቀ፣ ማን ልጁን ሆስፒታል እንዳስተኛ፣ ማን ደግሞ ማታ ማታ ግሮሰሪ ተቀምጦ ለዱቤው «የለኝም» እንደሚል በመስኮቱ በኩል ያያል። መረጃው ነፃ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያገኘው ነው። ዋስትናው ደግሞ ነገ ጠዋት እዚያው በር ላይ መተያየታችሁ ነው።

እዚህ ላይ «አሁን እኮ ስልክ ያበድራል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀመረ። ለብዙ ሰው መተንፈሻ ሆኗል፤ በተለይ ሰፈር ለሌለው፣ ትናንት ከተማ ለገባ ሰው። ግን ስልኩ የሚያውቀው የላካችሁትንና የተቀበላችሁትን ገንዘብ ነው። ለቅሶ ላይ መሆናችሁን አያውቅም። «የዚህን ወር ተወው፣ እሷ እንኳን ትረጋጋ» አይልም። ባለሱቁ ይላል። ይህ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው የአሥር ዓመት ደንበኛ ስለሆነ አንድ ወር መታገሥ ያዋጣዋል። ደግነትና ስሌት እዚህ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

ዱቤ አንዱ ሥራው ብቻ ነው። ሱቁ እያንዳንዱን ነገር ሰባብሮ ይሸጣል፦ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ፍሬ ዳይፐር። ካርቶን ሙሉ መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። ቁልፍ ይቀመጥበታል፣ ዕቃ ይተውበታል፣ የእድር መልእክት ይነገርበታል፣ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የመጣ ልጅ እናቱ እስክትደርስ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጨለማ በሆነ መንገድ ስትመጡ መብራቱ የበራው ሱቅ እስኪደርስ ነው የምትፈሩት፤ ከዚያ በኋላ ሰፈር ገብታችኋል። ለዚህ ሁሉ ደረሰኝ የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። ጄን ጄኮብስ የምትባል ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ ኒውዮርክ ውስጥ ስትኖርበት ስለነበረው ሰፈር ስታወራ፣ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ሲተዉ ቁልፋቸውን ለባለሱቁ አደራ እንደሚሰጡ ትናገራለች። የመንገድን ደህንነት የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ መንገዱን የሚያየው ባለሱቅ ጭምር ነው ትላለች። መጽሐፉን የጻፈችው ያኔ የከተማ ፕላነሮች ሰፈርን በጅምላ እያፈረሱ አዲስ ሲሠሩ ስለነበር ነው።

ለመሆኑ ባለሱቁ ለእኛ የሚያበድረውን ከየት ያመጣል? እሱም ከተሸከመው እምነት ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ አከፋፋይ የተወሰነውን ዕቃ በዱቤ ይሰጠዋል። ሲከፍት የተጠቀመበትን መነሻ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘው ከዘመድና ከእቁብ ነው። እቁብ ላይ ዕጣው ሲወጣለት ዋስ ጠርቶ ነው ብሩን የሚወስደው፤ ዋሱ ደግሞ ሌላ ባለሱቅ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እንደዚያ ነው። ከመርካቶ እስከ እናንተ ወጥ ቤት ድረስ አንድ ረጅም የእምነት ሰንሰለት አለ። አንዱ ቀለበት ሲበጠስ የሚቸገረው እሱ ብቻ አይደለም።

አሁን ቅሬታችሁን እሰማለሁ። «ባለሱቁን ቅዱስ አደረግከው እኮ!» የምትሉ አላችሁ። አላደረግኩትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ለቀቅ ሲደረግ፣ በማግስቱ አሮጌ ዕቃ ላይ አዲስ ዋጋ የለጠፈ ባለሱቅ ነበር። ስኳርና ዘይት ሲጠፋ ከጓዳ አስቀምጦ «የለም» የሚል አለ። ሚዛኑ የማይታመን አለ። የሰፈር ሱቅ ዋጋ በአንድ ዕቃ ሲሰላ ከትልቅ ገበያ ይወደዳል፤ የዱቤ ደንበኛ ደግሞ «እዚያ ማዶ ይረክሳል» ብሎ መሄድ አይችልም፣ ዕዳው ያስረዋል። ለአንዱ የሚጻፍለት ለሌላው አይጻፍለትም። አዲስ ተከራይ፣ ቋንቋው የተለየ፣ ሥራው ያልታወቀ ሰው «ዱቤ የለም» ነው የሚባለው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ጉድለት ያለበትን ነገር ማስተካከል አንድ ነገር ነው፣ በምን እንደምንተካው ሳናውቅ መበተን ሌላ ነገር ነው።

እና መበተን ላይ ነን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከተማዋ መልኳን ቀይራለች። ፒያሳ ተነስቷል፣ ካዛንችስ ተነስቷል፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መጥቷል፤ በጭቃ ውስጥ ተራምዶ ላደገ የከተማ ልጅ ይህን ማጣጣል አይገባም። የተጎሳቆሉ የቀበሌ ቤቶች እንደነበሩ ይቆዩ የሚልም የለም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፦ ነዋሪው አንድ ቦታ፣ ባለሱቁ ሌላ ቦታ ሲሄድ ደብተሩ ምን ይሆናል?

እስቲ በምሳሌ እናስላው። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ የሰፈራችሁን ባለሱቅ ጠይቃችሁ አስተካክሉት። አንድ ሱቅ 40 የዱቤ ደንበኞች አሉት እንበል። እያንዳንዳቸው በአማካይ 1,500 ብር ይዘዋል። ደብተሩ ላይ 60,000 ብር አለ ማለት ነው። ሰፈሩ በድንገት ቢበተንና ግማሹ ባይመለስ 30,000 ብር ጠፋ። ባለሱቁ ከሚሸጠው ዕቃ ከመቶ 5 ብር ያተርፋል ብንል፣ ይህን ለመሙላት ብቻ የ600,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት። ያውም ደንበኛ በሌለበት አዲስ ሰፈር፣ ማንንም በማያውቅበት በር ላይ ቆሞ፣ የመርካቶውን ዕዳ እየከፈለ፣ እቁቡን ሳያቋርጥ። እቁብ ደግሞ «ሰፈሬ ፈርሷል» ተብሎ አይቀርም። ዋስ አለበት።

ከጠፋው ብር የሚበልጠው ግን የጠፋው እውቀት ነው። «የመምህሯ ቤት» በ25 ትከፍላለች፣ «ባለታክሲው» በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስገባል፣ የአንዱ ቤት ዕዳ ከተወሰነ ብር በላይ እንዲያልፍ መፍቀድ አያስፈልግም። ይህን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶበታል። አዲሱ ሰፈር ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ደሞዝ ሳይደርስ ለሚመጣው ሁሉ «ዱቤ የለም» ይላል። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ያን ነው የማደርገው። ተነሺዋ እናትም በተራዋ አዲስ ሰፈር ገብታ፣ የሚያውቃት ባለሱቅ በሌለበት፣ ወሩን መጨረስ ያቅታታል። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ የሌላው ዋስትና ነበር። ለያየናቸው፤ አሁን ሁለቱም ዋስትና የላቸውም።

የሚገርመው ሕጋችን ይህን ነገር ጨርሶ አላጣውም። ስለ መሬት ይዞታ መለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቤቱና ከመሬቱ ካሳ ሌላ ስለ ኢኮኖሚ ጉዳት ካሳና ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ያነሳል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕግ አውጪው «ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ ከግድግዳ በላይ የሚያጣው አለ» ብሎ አምኗል ማለት ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዋጁ ሲነበብ መሃል ላይ የቆመው ባለይዞታው ነው። የሰፈር ባለሱቅ ግን ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው፤ ያውም የአንድ ሰው አጥር ተበስቶ በር የወጣለት ክፍል ተከራይ። ሁለተኛ፣ ሕጉ የንግድ ገቢ ማጣትን ለብቻ፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ለብቻ ነው የሚያየው። ለባለሱቅ ሁለቱ አንድ ናቸው። ትስስሩ ነው ካፒታሉ።

በሌላ በኩል በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ስለሚገኝ ብድር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። በእሱ መንፈስ ከሄድን ከብትም፣ ማሽንም፣ ሊሰበሰብ የሚገባው ሒሳብም መያዣ መሆን ይችላል። ዱቤ እኮ በሒሳብ አያያዝ ቋንቋ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው! ሆኖም ዘይት የነካው ደብተር ይዞ ባንክ ገብቶ ብድር ያገኘ ባለሱቅ እኔ አላውቅም። ሕግ ወረቀቱ ላይ ቀድሞናል፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ገና አልደረሱበትም።

ወደ አዲሱ ሰፈር እንሂድ። ከካዛንችስ የተነሱ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ሌሎች ደግሞ በየዳርቻው ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተመድበዋል። በነዚህ ሰፈሮች ነዋሪው በዕጣ ወይም በምደባ ይገባል፤ የምድር ቤት የንግድ ክፍል ግን ሲሸጥ የኖረው በአብዛኛው በጨረታ ነው። ጨረታ በመማሪያ መጽሐፍ ቆንጆ ነው፦ ቦታው የበለጠ ለሚከፍል ይሄዳል፣ ከተማውም ገቢ ያገኛል። ግን ጨረታው የማይቆጥረው ነገር አለ። ከፍተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈው ሰው ያንን ገንዘብ ለመመለስ ወይ መጠጥ ቤት ይከፍታል፣ ወይ ውድ ዕቃ ያመጣል፣ ወይ ክፍሉን ቆልፎ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ብሎኩ ውስጥ ያለው ነዋሪ ዳቦ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ ብዙ የተዘጉ በሮች፣ ከነሱ ፊት ለፊት ደግሞ ፕላስቲክ ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጠቅልላ ትሮጣለች። ገበያው የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች እንዲከፈት ተወስኗል። እኔ ውድድርን አልፈራም። ትልቅ ሱፐርማርኬት ሲመጣ ዋጋ ሊቀንስ፣ ሰንሰለቱ ሊያጥር ይችላል፤ ሸማቹ ይጠቀማል። ግን ትልቁ ሱቅ የሚያረክሰው በብዛት ለሚገዛ፣ በእጁ ላይ ለሚከፍል ነው። ሁለት እንቁላል ጽፎ አይሰጥም። የከተማው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ርካሽ ዕቃ ሲያገኝ፣ የድሃው ሰው የዱቤ በር ቢዘጋ ጠቅላላ ስሌቱ ጥሩ ሊመስል ይችላል። አማካይ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሁለት ዳቦ ሲበላ ሌላው ጾሙን ሲያድር «በነፍስ ወከፍ አንድ ዳቦ» ይላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምለው ከባድ አይደለም፤ አብዛኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ተነሺ ሲመዘገብ የሰፈሩ ተከራይ ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ጸጉር ቤትና የጉሊት ነጋዴ አብረው ይመዝገቡ። ባለይዞታ ስላልሆኑ ከዝርዝሩ አይቅሩ። ማን ሱቅ እንዳለው የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ እድሩን መጠየቅ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ነዋሪውን ወደ አንድ ቦታ ስናዛውር ባለሱቁንም ወደዚያው እናዛውር። በአዲሱ ሰፈር ከሚሠሩት የንግድ ክፍሎች የተወሰኑት ከጨረታ ወጥተው ለተነሺ ነጋዴዎች ቅድሚያ በኪራይ ይሰጡ። ለዘላለም አይደለም፤ ለሁለትና ለሦስት ዓመት፣ ደብተሩ እስኪሞላ። ከተማው በጨረታ የሚያጣው ገቢ አለ፣ አልክድም። ግን ዱቤ የሚሰጥ ሱቅ ያለበት ሰፈር ያን ያህል እርዳታ አይጠይቅም፤ ሒሳቡ ሁለቱንም ገጽ ይይዝ።

ሦስተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ በቀን ሳይሆን በደሞዝ ይቆጠር። ቢያንስ ሁለት ደሞዝ። ዱቤ የሚከፈለው ደሞዝ ሲወጣ ነው፤ በወሩ አጋማሽ «በቀናት ውስጥ ልቀቁ» ማለት ለባለሱቁ ደብተሩን እንደ ማቃጠል ነው። ይህ ከሁሉም ርካሹ ሐሳብ ይመስለኛል። የቀን መቁጠሪያ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አራተኛው የመንግሥት አይደለም፤ የእኛ ነው። ብዙዎቻችን ከሰፈር ስንለቅ ፍሪጅ ጭነናል፣ አልጋ ፈተናል፣ ጎረቤት ተሰናብተናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ስንል ያደግነውን ያህል፣ የቅርቡ ጎረቤት ሩቅ ሲሆን ሒሳቡ የሚዘጋ ይመስለናል። አይዘጋም። ዛሬ ዕዳ ለመክፈል ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ አያስፈልግም፤ ስልክ አለ፣ ቴሌብር አለ፣ የባለሱቁ ቁጥር ካልጠፋ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰፈራችሁ ፈርሶ ከሄዳችሁና ከደብተሩ ላይ ስማችሁ ካልተሰረዘ፣ ደውሉ። «ጋሼ፣ ስንት ነበረብኝ?» በሉ። መጠኑን ከእናንተ የበለጠ ያውቁታል።